የጀልባዋ ሸራ

ቴስተሩ ዜሮ አለኝ። አላመንኩትም። ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች እርስ በርስ አነካክቼ ፈተሽኳቸው፤ ቴስተሩ ጤነኛ ነው። እንደገና በባትሪው ቀይና ጥቁር ላይ አሳረፍኳቸው፤ እንደገና ዜሮ። ሁለተኛውን ባትሪ ሞከርኩ፤ እሱም ዜሮ። ጀልባዋ ከውሃው ተጎትታ ወጥታ ጭቃው ላይ ተጋድማለች፣ እኔ ሆዷ ውስጥ ተንበርክኬያለሁ፣ ከላዬ ሦስት ሰዎች ቆመው አፍ አፌን ያዩኛል።

ባትሪ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ያደግሁት ቃሊቲ፣ አባቴ በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ከቴክኒክና ሙያ ከተመረቅሁ በኋላም እዚያው የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ እሠራ ነበር። አሥራ ሁለት ቮልት የሚለው የአሲድ ባትሪ ቢደክም አሥር ይላል፣ ቢታመም ስምንት ይላል፤ ጓሮ ተጥሎ ዶሮ የሚያርፍበት እንኳ ቴስተር ሲነካው ትንሽ ነገር ይተነፍሳል። ዜሮ የሚል ባትሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ገና አዲስ ናቸው።

ጀልባዋ የምትሠራው ከአቃቂ ወረድ ብሎ ባለው ግድብ ላይ ነበር። የማዶ ሰዎች ሽንኩርታቸውንና ጎመናቸውን ተሸክመው ረቡዕና ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ግድቡን መዞር ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ነበር። ባለ ጀልባዋ፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ የወሎ ተወላጅ ናቸው፤ ቤተሰባቸው በሙሉ መኪና ላይ የኖረ ነው። "መንገዱ እኮ ውሃው ላይ ነው" ብለው ቃሊቲ ከሚገኝ ብረታ ብረት ቤት ጀልባ አሠሩ። የነዳጅ ሰልፍ ስለሰለቻቸው "በፀሐይ ትሂድልኝ" አሉ። ጣሪያዋ ላይ አራት የሶላር ሰሌዳ፣ ሆዷ ውስጥ ሁለት ሊቲየም ባትሪ፣ በመሃላቸው ደግሞ ከፀሐይ የመጣውን ኃይል መጥኖ ባትሪውን የሚያጎርስ መቆጣጠሪያ። ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ።

ያን ጊዜ ሊቲየም በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቱታዬን ለብሼ ስመጣ "ባለሙያው የታለ?" የሚለኝ ሰው በዝቶብኝ ስለነበር "አላውቅም" የምትለዋን ቃል ከአፌ አውጥቼ ከጣልኳት ቆይቻለሁ። ሻጩን ስጠይቀው "ሙቀት አይወድም፤ ሌላው እንደ ማንኛውም ባትሪ ነው" አለኝ። በዚያችው እውቀት ገባሁበት።

ጀልባዋን በቀን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በባቡር ሐዲድ ሥራ ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። እትዬ ያገኟቸው በዕድር ነው፤ ሁለቱም የአንድ ዕድር አባላት ነበሩ። "የድንኳናችንና የድስታችን ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው። አንድ ማንኪያ ጎድሎ አያውቅም" አሉኝ። ዕድር ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከዚህ የበለጠ ምስክር ወረቀት የለም።

እኔም አባባ እላቸው ጀመር። እሳቸው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ካቻቢቴ በጥርሴ ነክሼ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥዬ ሲያዩኝ፣ "ኢንጂነር፣ እንዳትወድቂ" አሉ። ኢንጂነር አይደለሁም። ግን ሳያላግጥ እንዲያ ብሎ የጠራኝ ሰው በሕይወቴ አልነበረምና አላረምኳቸውም። ሥራውን ጨርሼ ባስረከብኩ ዕለት ስለ ባትሪው አንድ ሁለት ነገር ነግሬያቸው፣ አደራ ብዬ ሄድኩ። "እንደ ዓይኔ ብሌን" አሉኝ።

አንድ ወር ያህል ጀልባዋ እንደ ሙሽራ ሄደች። ከዚያ ትደክም ጀመር። ጀልባዋን የሚነዳው የእትዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱ እየደወለ "ዛሬም አቅም አጣች" ይለኛል። ሦስት ጊዜ በባጃጅ ሄጄ ፈተሽኩ። ሦስት ጊዜም ምንም አላገኘሁም። ሰሌዳዎቹ ላይ ቴስተር ሳሳርፍ ፀሐይዋን አጥግበው ይሰጡኛል። የመቆጣጠሪያው አረንጓዴ መብራት በርቷል። ባትሪዎቹም ደህና ቁጥር ያሳዩኛል። በኋላ እንደገባኝ ሊቲየም ሆዱ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የጠገበ መስሎ ነው የሚታየው። አባባ ግንባራቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ከጀልባዋ አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል። ሁልጊዜ ያልባቸው ነበር፤ ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። "ምን ተገኘ ኢንጂነር?" ይሉኛል። "ሁሉም ሰላም ነው" እላቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ጀልባዋ ግድቡ መሃል ቀጥ አለች። አሥራ አንድ ሰውና አሥራ አንድ ሰው የሚያህል ሽንኩርት ጭናለች። ሴቶቹ ጎመን የሚያጥቡበትን ሳፋ መቅዘፊያ አድርገው፣ እየተሳሳቁም እየጮኹም፣ ከሰዓት በኋላ ዳር ደረሱ። እኔ በተጠራሁበት ሰዓት መሳሳቁ አልቆ እርግማኑ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቴስተሩ ዜሮ ያለኝ ያን ቀን ነው።

"ምን ሆነ?" አሉ እትዬ ከላዬ ሆነው። አጠገባቸው ወንድማቸውና አባባ ቆመዋል።

"አላውቅም" ማለት ነበረብኝ። አሁን ሳስበው አምስት ፊደል ነው። እኔ ግን በቀደም ጋራዥ የመጣ አንድ ደንበኛ ትዝ አለኝ፤ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ገዝቶ ቢከፍተው ሆዱ አሸዋ ሆኖ ተገኘ። ባትሪውን ከቦታው ነቅዬ አነሳሁት። ቀለለኝ። ቢያስምሉኝ እምል ነበር፣ የእውነት ቀለለኝ። አፌም ከእጄ ቀደመ።

"ሆዱ ተገልብጧል" አልኩ። "አንድ ሰው ከፍቶ ውስጡን አውጥቶታል።"

"ማን?"

"እሱን እኔ በምን አውቃለሁ? ቀን ቀን አጠገቡ የሚውል ሰው ነው የሚያውቀው።"

ከተናገርኩ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የሰማሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አባባ ጎንበስ ብለው እኔን ብቻ አዩኝ። አልተቆጡም፣ አልማሉም።

"ኢንጂነር፣ እርግጠኛ ነሽ?"

"አዎ።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ ልክ ይሆናል" አሉ። "እኔ ግን አልነካሁትም።"

እትዬ አለቀሱ። "ወላሂ ከእርስዎ አልጠበቅሁም ነበር። ፖሊስ አልጠራም፤ ከነገ ጀምሮ ግን አይምጡብኝ" አሉ። አባባ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉ፣ ዱላቸውን አነሱ፣ ዳገቱን ወጡ። ከጀልባዋ ሆድ አልወጣሁም። ሽቦ የማስተካክል መስዬ እስኪርቁ ጠበቅሁ።

ባትሪዎቹን ጋራዥ ወስጄ በማግስቱ ልከፍታቸው ተዘጋጀሁ። ከቻልኩ የገባበትን አሸዋ ለእትዬ ለማሳየት ነበር ሐሳቤ። ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ እንዳሳረፍኩ እጄ ቆመ። ፋብሪካው በብሎኖቹ ላይ የቀባው ቀለም አልተነካም። በክዳኑ ዙሪያ የተለጠፈው ወረቀት ሙሉ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። አንድም ሰው ከፍቷቸው አያውቅም።

ለሻጩ ደወልኩ። ዜሮ አለኝ ስለው ሳቀብኝ። "ተኝቶ ነዋ! ውስጡ ጠባቂ መሣሪያ አለው፤ ሲርበው እንዳይሞት በሩን ዘግቶ ያስተኛዋል። በሩ ከተዘጋ ቴስተርሽ ምን ያያል? ቀስቅሺው!"

ቻርጀር ብሰካበት ቻርጀሩም ባትሪ አላየሁም ብሎ እምቢ አለ። ከገልባጭ መኪና የወረዱ ሁለት የአሲድ ባትሪዎች አያይዤ፣ በመሃል አምፖል አስገብቼ፣ ኃይሉ በቀስታ እንዲገባ አደረግሁ። አምፖሉ ደመቅ አለ። ቴስተሩን ደገፍ አድርጌ አየሁት። ዜሮ የነበረው ቁጥር ብድግ ብሎ ሃያ ሁለት አለ፤ ከዚያ ሃያ ሦስት። ሞቷል፣ ተዘርፏል ያልኩት ነገር ዓይኔ እያየ ተነሳ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ከመኪና ሥር ብቅ ብሎ "ምነው፣ መብረቅ መታሽ እንዴ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን መጻፍ ይከብደኛል። በዚያው ሰዓት መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። ባትሪዎቹን ሞልቼ መልሼ አሰርኩና ለእትዬ "ጠገንኳቸው" አልኳቸው። ባትሪዎቹ የተራቡበትን ምክንያት ገና አላወቅሁትም፣ እሱን ሳላገኝ ምን ብዬ እናገራለሁ ብዬ ራሴን አባበልኩ። እውነቱ ግን አፍሬ ነው። ስሜን ለማዳን የሰው ስም መሬት ላይ ተኝቶ እንዲያድር ተውኩት፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ሳምንት።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ጀልባዋ አንድ ቀን እንኳ አልደከመችም። ባትሪዎቹ ከምሳ በፊት ይሞላሉ። የነገሩ ክፋት ይህ ነበር። አባባ ከሄዱ ወዲህ ሁሉ ነገር ተስተካከለ፤ ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የገበያው ሰው አንዱ "ኃይሉን ለሰው ስልክ ይሸጡት ነበር አሉ" ይላል፤ ሌላው "ሌላ ባትሪ ይዘው እየመጡ ይሞሉ ነበር" ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ለቀማውን ያስጀመርኩት ግን እኔ ነኝ። እትዬ ደውለው "አብሽሪ፣ አንቺ ባትኖሪ እስከ ዛሬ እንታለል ነበር" ሲሉኝ "እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ምክንያቱን ላገኝ ቆርጬ አንድ ሐሙስ ግድቡ ድረስ ወረድኩ። ገበያ ስለሌለ ጀልባዋ ዳር ቆማለች፤ ሰሌዳዎቿ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃሉ። የሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ልፈልግ አባባ ይውሉባት ወደነበረች የቆርቆሮ ጎጆ ገባሁ። ጥግ ላይ አንድ ወፍራም ሸራ፣ እንደ ዕድር ድንኳን ጠርዝ ከጠርዙ ገጥሞ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ገመድ ተሰፍቷል። ከውስጥ በኩል፣ የሰሌዳው ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ፣ መስታወቱን እንዳይፍቀው የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ በእጅ ተሰፍቶበታል። በስንዝር ለካሁት። ከጀልባዋ ጣሪያ ጋር ልክ ለልክ ነው።

የእትዬን ወንድም ጠራሁት። "ይሄ ምንድን ነው?"

"የአባባ ሸራ ነዋ። ገበያ በሌለበት ቀን ጀልባዋን ሲያለብሷት ነበር የሚውሉት። እኔ ማሰርና መፍታቱ ሰለቸኝ፣ ተውኩት።"

"እኔ ስመጣ እኮ ተሸፍኖ አይቼው አላውቅም!"

"ባጃጅሽን ከዳገቱ ላይ ሲያዩ ሮጠው ይገልጡታላ። ለእንግዳ እንዴት የተሸፈነ ነገር ይጠብቀዋል?"

ላባቸው ትዝ አለኝ። አንድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው እኔ ዳገቱን እስክወርድ አራት ቋጠሮ ፈትተው፣ ሸራ አውርደው፣ አጣጥፈው፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ ይቆሙልኛል። እኔ ደግሞ ቴስተሬን አውጥቼ "ሁሉም ሰላም ነው" እላቸዋለሁ።

"ማን ሸፍኑ አላቸው?" አልኩ።

"አንቺ ነሻ! 'ኢንጂነሯ ፀሐይ እንዳያገኘው ብላ አደራ ሰጥታኛለች' ይሉ ነበር። አላልሽም?"

ብዬ ነበር። ቃል በቃል ትዝ አለኝ። ባስረከብኩ ዕለት "አባባ፣ ይሄ ነገር ሙቀት ይጠላል፤ ፀሐይ እንዳያገኘው አደራ" ብያቸዋለሁ። ባትሪውን ማለቴ ነው። እጄ ቅባት ስለነበር በአገጬ ወደ ጀልባዋ አመለከትኩ። ባትሪው ከሥር፣ ሰሌዳው ከላይ ነው፤ አገጭ ደግሞ ከሥርና ከላይ አይለይም። እሳቸው እንደ አደራ ተቀባይ ሙሉውን ሸፈኑት። ለምን ይገርመኛል? በእናቴ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሪሞቱ ዛሬም ከነላስቲኩ ነው፣ የሶፋውን ጨርቅ ቀለም በዓይኑ ያየ የቤተሰብ አባል የለም። እኛ ውድ ነገር ስናገኝ መጀመሪያ የምናደርገው መሸፈን ነው። ፀሐይ የሚበላ ዕቃ ከፀሐይ መሸፈኑ እኔን ያስደንግጠኝ እንጂ፣ ሰሌዳው ፀሐይ እንደሚበላ ለእሳቸው ማን ነግሯቸው? ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እያልኩ ያደግሁት እኔ ሥሩን ስቆፍር ራሴን አገኘሁት።

ከዚያው በቀጥታ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ብሎካቸውን ጠይቄ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን የከፈተችው ቂሊንጦ ፋብሪካ የምትሠራው ልጃቸው ነበረች፤ የፋብሪካ ሰርቪሷን ለመያዝ ቦርሳዋን አንግታለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

"ከቤት መውጣት ትቷል" አለችኝ በሹክሹክታ። "የዕድሩን ቁልፍ ማንም ሳይጠይቀው ወስዶ መለሰ። ስሙ የተነሳ ሰው የሕዝብ ዕቃ አይይዝም አለ። አሁን ደግሞ ምን ልትይው መጣሽ?"

አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ፤ ለእኔ ሊነሱ! ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሁሉንም አወጣሁት፤ የተኛውን ባትሪ፣ ያልተነካውን ብሎን፣ ሸራውን፣ አገጬን፣ የደበቅሁበትን ሁለት ሳምንት። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ቁጣ ቢሆን በቀለለኝ። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

"እንዲያ ከሆነማ ያስራብኩት እኔው ነኛ!" አሉ። "ሴቶቹን ውሃ መሃል ያስቀረሁ እኔ ነኝ?"

"አይደሉም አባባ! ያዘዝኩዎት እኔ ነኝ።"

"ገበያ በሌለበት ቀን ሁሉ እኮ ነው ያሰርኩት" አሉ፣ እኔን ሳይሆን እጃቸውን እያዩ። "ንፋስ እንዳይገልጠው ድንጋይ ጨምሬበት።" ከዚያም "የሰው ዓይን ነው ያደከመኝ፣ ልጄ። ለእኔ የተናገርሽውንማ ሰምቼዋለሁ፤ ይኸውልሽ፣ ለዕድሩ ሰዎች ንገሪያቸው" አሉ። ኢንጂነር አላሉኝም።

ዕድሩ የሚሰበሰበው በወር አንድ እሑድ፣ በብሎኮቹ መሃል ባለው አዳራሽ ነው፤ ቀኑ ደረሰ። አባባ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እትዬ ከፊት ናቸው፤ ለእሳቸው ቀድሜ ነግሬያቸው ዓይናቸው አብጧል። የዕድሩ ዳኛ ሲፈቅዱልኝ ተነሳሁ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት እያየሁ "አላውቅም ነበር" አልኩ፤ "ሳላውቅ ተናገርኩ" አልኩ። ሲጮሁብኝ፣ "ኢንጂነር ተብዬዋ!" ሲሉኝ እየሰማሁት ነበር፤ በሐሳቤ። አዳራሹ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። አንዲት እናት ብቻ "እሰይ" አሉ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ጥሩ አድርገሻል" አሉኝ። "ግን ልጄ፣ እኛ እኮ ሌላ ሰው አልሾምንም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ሄዱ፤ እኛም ያው ሰቀልነው።" ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ቁልፉ ከሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። በመሃል ለቅሶ ደርሶ ነበር አሉኝ፤ ድንኳኑን ያወጡት አባባን ከቤታቸው ጠይቀው፣ እሳቸው እምቢ ሲሉ ሦስት ሽማግሌዎች አብረው ከፍተው፣ ቁልፉን መልሰው ሰቅለው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው ወስዶ ኪሱ አልከተተውም። የእኔን የጋራዥ ልጅ ወሬ የገበያ ሰው ሲቀባበለው ከርሟል፤ ሰውዬውን የሚያውቁት ግን አላመኑትም። ስለ ባትሪ አንዳቸውም ምንም አያውቁም ነበር።

ወደ አባባ ዞርኩ። "ያውና ቁልፍዎ" አልኩ፣ በአገጬ ወደ ግድግዳው እያመለከትኩ።

ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮስተር ብለው አዩኝ።

"በአገጭሽ አይሆንም" አሉ። "ያስጣልሽኝ አንቺ ነሽ። ሂጂና በእጅሽ አምጪልኝ።"

አዳራሹን በሰው ጉልበት መሃል አቋርጬ ሄድኩ፣ ቁልፉን ከሚስማሩ አወረድኩት፣ በሁለት እጄ ይዤ አመጣሁላቸው።